የአውሬ ዱካ ማንበብ ከየት ይጀመራል? ከካዛንቺስ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ፣ ዕድሜዬ 26 ነው። የምሠራው ካዛንቺስ፣ የምኖረው አራት ኪሎ ነው። ጫካ ገብተው እንጨት ከእንጨት አፋትገው እሳት የሚያነዱ፣ በገመድ ወጥመድ ጥንቸል የሚይዙ፣ የአውሬ ዱካ ተከትለው የሚሄዱ ሰዎችን በቪዲዮ ባየሁ ቁጥር ልቤ ይሸፍታል። እኔም መማር እፈልጋለሁ። መኪና የለኝም፤ ለድንኳንና ለትልቅ የጫካ ቢላ ግን ገንዘብ አጠራቅሜአለሁ። ለመጀመሪያ እንጦጦ ላይ ብቻዬን ሁለት ሌሊት ባድር፣ ጅብም ሆነ ሌላ አውሬ በቅርብ ባይ ጥሩ ጅምር ይሆነኛል? ወይስ ትምህርት ቤት ልፈልግ?»

እንጦጦ ላይ ብቻህን አትደር። ትልቁንም ቢላ አትግዛ። አንተ የምትፈልገው ሙያ መሠረቱ ዓይን ነው፤ ዓይንህን የምታሠለጥንበት መሬት ደግሞ ከቢሮህ በእግር ይደረሳል።

ባየሃቸው ቪዲዮዎች ውስጥ ሦስት የተለያዩ ነገሮች አንድ ላይ ተቀላቅለዋል። አንዱ በጫካ ውስጥ ራስን ማቆየት ነው፤ መጠለያ፣ ውኃ፣ እሳት፣ አቅጣጫ ማወቅ። ሁለተኛው አደን ነው። ሦስተኛው ዱካ ማንበብ ነው። ሦስቱን አንድ ሰው ሊችላቸው ይችላል፤ የሚማራቸው ግን በአንድ ሌሊት አይደለም፣ በአንድ መሣሪያም አይደለም። በዚያ ላይ አብዛኛው የምታየው ዘዴ የተፈጠረው በሰሜን አውሮፓና በካናዳ ቀዝቃዛ ደኖች ነው። እዚያ እርጥብ ሆኖ እንኳ የሚነድ የበርች ዛፍ ልጥ አለ፤ ሙጫ የሚያንጠባጥብ ጥድ መሰል ዛፍ በየቦታው አለ፤ በረዶው ደግሞ ያለፈውን እንስሳ ሁሉ መዝግቦ ያቆያል። የእንጦጦ ፊት ግን በአብዛኛው ባሕር ዛፍ ነው፤ እሱም በምኒልክ ዘመን፣ በ1890ዎቹ እ.ኤ.አ.፣ ከውጭ የመጣ ነው። ከሥሩ ሣርና ቁጥቋጦ እንደልብ አይበቅልም፤ መሬቱ በደረቅ ቅጠልና በልጥ የተሸፈነ ነው። ለጀማሪ ዱካ አንባቢ ከዚህ የከፋ መሬት የለም፤ ቅጠል ላይ ኮቴ አይቀመጥም።

ወጥመዱን በአጭሩ ልዝጋው። በኢትዮጵያ የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ ማደንም ሆነ ማጥመድ ክልክል ነው። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ይህን ይገዛል። «ለልምምድ ብቻ ነው» የሚል መከላከያ የለም። የገመድ ወጥመድ የሚይዘውን አይመርጥም፤ ለጥንቸል ያሰርከው የሚዳቋ ግልገል ይይዛል፣ የእረኛ ውሻ ያንቃል። ቀንድ፣ ቆዳ፣ የጃርት እሾህ መሬት ላይ ወድቆ ብታገኝ እንኳ ፎቶ አንሣና እዚያው ተወው። ለሚቀጥለው አንባቢ ማስረጃ ነው።

እሳትም ቢሆን ከደን ውጭ የሚለማመዱት ነገር ነው። የባሕር ዛፍ ቅጠል ዘይት አለው፤ በበጋ ወራት አንድ ፍንጣሪ ቁልቁለቱን ሙሉ ይዞ ሊሄድ ይችላል። በደን ውስጥ እሳት መለኮስ በሕግም ያስጠይቃል። እንጨት ከእንጨት አፋትጎ እሳት ማውጣት ግን ከውጭ የመጣ ትርኢት አይደለም፤ በደቡብ ኦሞ እስከ ዛሬ ቀጥ ያለ በትር በመዳፍ መካከል እያሽከረከሩ ፍም የሚያወጡ እረኞች አሉ። እሱን መማር ከፈለግህ በግቢህ፣ ሲሚንቶ ላይ፣ አንድ ባልዲ ውኃ አጠገብህ አድርገህ ተለማመድ። ለማቀጣጠያ የጥድ ደረቅ ልጥ ግሩም ነው፤ ይሁንና ከቆመ ዛፍ ላይ አትላጥ። ዙሪያውን የተላጠ ጥድ ይሞታል፤ ያ ጥድ ያን ያህል ለመሆን ከአንተ ዕድሜ በላይ ፈጅቶበት ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ሌሊቱ። «ጅብ የሞተ እንጂ የቆመ አይነካም» የሚለውን እርሳው። ተራው ጅብ አዳኝ ነው፤ በብዙ ቦታ ከሚበላው አብዛኛውን ራሱ ገድሎ ነው። በአዲስ አበባ ዙሪያ ያለው በቆሻሻና በጥምብ ላይ ስለሚኖር ሰውን ለምዷል፤ የወንዞቹን ሸለቆ ተከትሎ ሌሊት እስከ ከተማው ውስጥ ይወርዳል። ቀን ሰው ሲያይ ይሸሻል። ሌሊት መሬት ላይ የተኛ ሰው ግን ለእሱ የቆመ ሰው አይደለም፤ ደጅ የተኙ ሰዎች በጅብ የሚነከሱት በዚህ ምክንያት ነው። ብርዱም አለ። መሃል ከተማው 2,400 ሜትር ገደማ ሲሆን የእንጦጦ ጫፍ ወደ 3,200 ሜትር ይጠጋል፤ ከኅዳር እስከ ጥር ንጋት ላይ ቅዝቃዜው አጥንት ይሰብራል። ጋቢ ደረቅ ሲሆን ያሞቃል፤ ከረጠበ ግን ጥጥ ስለሆነ ሙቀትህን ይወስድብሃል። የደጋ እረኛ በርኖስ የሚለብሰው ሱፍ ረጥቦም ስለሚያሞቅ ነው። ከአውሬውና ከብርዱ ሌላ ሰው አለ፤ ብቻውን ጫካ ውስጥ ገጀራ የሚያህል ቢላ ይዞ የተገኘ ወጣት ለጥበቃው ምን ብሎ ያስረዳል?

ይህን ሁሉ ያልኩት ወደ ዱካው በሰላም እንድትደርስ ነው፤ የሙያው ውበት ያለው እዚያ ነው።

ነገ ጠዋት ወደ ሥራ ስትሄድ የእግረኛ መንገዱን ኮንክሪት ተመልከት። ሳይደርቅ የረገጠው ውሻ ወይም ድመት ብዙ ቦታ አለ፤ ዝናብ የማያጠፋው፣ ማንም የማይሰርቅህ የመማሪያ ገጽ ነው። የውሻ ኮቴ አራት ጣት፣ በየጣቱ ጫፍ የጥፍር ነጥብ፣ ከኋላ ደግሞ ሦስት ማዕዘን የሚመስል መርገጫ አለው። በጣቶቹና በመርገጫው መካከል ባለው ክፍተት ሁለት መስመር ብታሠምር ምንም ሳይነኩ የመስቀል ቅርጽ ሠርተው ያልፋሉ። ድመት ጥፍሯን ሰብስባ ስለምትሄድ የጥፍር ነጥብ አይታይም፤ ቅርጹ ክብ ይላል፤ የመርገጫው የኋላ ጠርዝ ሦስት እብጠት ይዟል። ይህን የድመት ቅርጽ በደንብ ከያዝክ የአነርንና የነብርን ግማሽ አውቀሃል፤ አሠራሩ ያው ነው፣ መጠኑ ይለያል። የቤት ድመት 3 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስትሆን የነብር እስከ 9 ሊደርስ ይችላል። ከድመት ወገን ጥፍሩ ጎልቶ የሚታየው አቦሸማኔ ነው፤ እሱን ግን እዚህ አካባቢ አትጠብቅ።

ጅብ ከውሻ ጋር የሚያደናግር ይመስላል። ሁለቱም አራት ጣትና ጥፍር ያሳያሉ። ልዩነቱን የሚነግሩህ ሁለት ነገሮች ናቸው። የጅብ መርገጫ ሰፊና ወደ አንድ ጎን ያዘመመ ስለሆነ ያ የመስቀል መስመር ተስተካክሎ አያልፍልህም። ሌላው፣ የፊት እግሩ ከኋላው በግልጽ ይበልጣል፤ ከፊት ከብዶ ከኋላ ወደ ታች ያዘቀዘቀውን ሰውነቱን አስበው፣ ክብደቱ የት እንዳለ ኮቴው ይናገራል። የፊቱ ስፋት 10 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። አካሄዱንም እይ፤ የሰፈር ውሻ ወዲህና ወዲያ እያሸተተ ይዞራል፣ አውሬ ግን ጉልበቱን ስለሚቆጥብ መስመሩ ቀጥ ይላል። በአቅራቢያው ደርቆ ኖራ የመሰለ ነጭ ኩስ ካገኘህ ጥርጣሬህ ያበቃል፤ ነጭ ያደረገው የበላው አጥንት ነው።

ሰኮና ላይ ግን ጀማሪ ሁሉ ይሳሳታል፤ ለፓርክ ስካውቶች (ለዱር እንስሳት ጠባቂዎች) ሥልጠና ስሰጥ እንኳ ክርክሩ የሚበዛው እዚህ ላይ ነው። በአዲስ አበባ ዙሪያ በየደኑ ፍየል፣ በግ፣ ላምና አህያ ይገባሉ። ስለዚህ «ድኩላ አገኘሁ» ከማለትህ በፊት ፍየል አለመሆኑን አስረዳ። የፍየል ሰኮና ጫፉ ደብዘዝ ያለ ነው፤ ሁለቱ ክፍሎች ይራራቃሉ። የድኩላ ጫፍ የሾለ፣ ቅርጹ ልብ መሰል፣ ጠበብ ያለ ነው። የሚዳቋ ከዚያ ያንሳል፣ ይበልጥም ይሾላል። ዙሪያውን ደግሞ አንብብ፤ ፍየል በመንጋ ሄዶ መንገዱን ያመሰቃቅላል፣ አጠገቡ የእረኛ ጫማ አለ። ድኩላ ለብቻው ወይም ሁለት ሆኖ ከቁጥቋጦ ወጥቶ ወደ ቁጥቋጦ ይገባል። ከርከሮ ሲመገብ በፊት ጉልበቱ ይንበረከካል፤ በተቆፈረው አፈር ዳር ሁለት የጉልበት ጠባሳ ካየህ ኮቴው ባይኖርም ስሙን ጻፍ። ጃርት የተክል ሥር ይቆፍራል፤ አዋልዲጌሳ የምስጥ ኩይሳ ያፈርሳል። ጥርኝ በአንድ ቦታ እየተመላለሰ ይጸዳዳል፤ ኩሱ በፍራፍሬ ዘርና በነፍሳት ቅርፊት የተሞላ ነው። ለጉሬዛ መሬት ላይ ኮቴ አትፈልግ፤ ከላይ የተቆረጠ ትኩስ ቅጠልና ፍርፋሪ ከዛፉ ሥር ተበትኖ ታገኘዋለህ፤ ከዚያ ቀና በል።

ብርሃንን የሚያህል መምህር የለም። እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን በቀትር ፀሐይ አናት ላይ ትቆማለች፤ ጥላ ስለማይኖር ኮቴው እዚያው እያለ ይጠፋብሃል። ከጠዋቱ 12:30 እስከ 3 ሰዓት፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከ10 ሰዓት እስከ ምሽት ድረስ ውጣ። ዱካውን በአንተና በፀሐይ መካከል አድርገው፤ ጠርዙ በጥላ ይሳላል። ከላይ ቆመህ ቁልቁል አትመልከት፤ ዝቅ በል፣ እንዲያውም ተንበርከክ። የወቅቱ ነገርም አለ። የሐምሌና የነሐሴ ዶፍ የሌሊቱን ገጽ ሁሉ አጥቦ ይወስዳል፤ ምርጡ ቀን ቀለል ያለ ዝናብ የጣለበት ምሽት ማግስት ነው። መስከረምና ጥቅምት መሬቱ ሳይደርቅ ሳይጨቀይ የሚቀመጥበት ጊዜ ነው። በበጋ ደግሞ የመንገድ ዳር ደቃቅ አፈር ከጭቃ የተሻለ ዝርዝር ያሳያል።

የዱካውን ዕድሜ ለማወቅ የራስህን ምልክት ከጎኑ አድርግ። ከኮቴው አጠገብ በአውራ ጣትህ ተጫንና ሁለቱን ጠርዞች አወዳድር። የአንተ ስለታም ሆኖ የእሱ ተሸራርፎ ከሆነ ጊዜ አልፏል። በኮቴው ውስጥ የዝናብ ጠብታ ጉድጓዶች ካሉ እንስሳው ያለፈው ከዝናቡ በፊት ነው። ሣሩ ላይ ጤዛው ተራግፎ ጥቁር መስመር ከታየ ያለፈው ጤዛው ከወረደ በኋላ፣ ምናልባትም አንተ ሻይ ስትጠጣ ነው። በግቢህ ጥግ አንድ ክንድ የሚያህል መሬት አለስልስ፤ ዛሬ በጫማህ ርገጠው፣ በማግስቱና በሦስተኛው ቀን እየተመለስክ ሳለው። ማንም መጽሐፍ የሰፈርህን አፈር አድራረቅ አይነግርህም።

ፎቶ ብቻውን አያስተምርም። ደብተር ያዝና በእርሳስ ሳል፤ ስትስል ዓይንህ የዘለለውን ጣት ለማየት ይገደዳል። ከጎኑ ማስመሪያ አስቀምጠህ ርዝመቱንና ስፋቱን፣ ከአንዱ እርምጃ እስከ ቀጣዩ ያለውን ርቀት፣ ቦታውን፣ አፈሩን፣ ሰዓቱን ጻፍ። ከዚያም የእርምጃውን ርዝመት በአንድ በትር ላይ በገመድ አስረህ ምልክት አድርግ። ዱካው ሲሰወርብህ የበትሩን ጫፍ መጨረሻ ባየኸው ኮቴ ላይ አድርገህ ወደ ፊት በግማሽ ክብ አዙረው፤ ቀጣዩ ከዚያ ቅስት ላይ ወይም ከአጠገቡ ነው። ዱካውን አትርገጥ፤ ከጎኑ ሂድ። እግርህ ሥር አታፍጥጥ፤ ጥቂት እርምጃ ቀድመህ ተመልከት።

አንድ ነገር አጥብቄ ልምከርህ፤ በትክክለኛ ደን ውስጥ ስትሆን ዱካን ወደ ኋላ ተከተል። እንስሳው ወደ ሄደበት ሳይሆን ወደ መጣበት። የት እንደተኛ፣ ምን እንደበላ፣ የት ደንግጦ እንደቆመ፣ ታሪኩ ሙሉውን እዚያ አለ። ወደ ፊት የተከተልክ እንደሆነ ግን መጨረሻው ግልገል ያላት ነብር ወይም የጅብ ጉድጓድ ደጃፍ ሊሆን ይችላል። እንስሳውንም ከማረፊያው ታስነሣዋለህ፤ በሰው ለተከበበ ትንሽ ደን ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም። «አውሬ በቅርብ ባይ» ያልከው ምኞት ይገባኛል። አውሬው ሳያውቅህ ያነበብከው ጠዋት ግን ከሩቅ ሮጦ ሲያመልጥህ ካየኸው ጅራት ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

ትምህርት ቤት ላልከው፣ በዓለም ላይ በጣም የተከበረው የዱካ አንባቢዎች ምዘና የተጀመረው በደቡብ አፍሪካ በ1994 እ.ኤ.አ. ነው። ሉዊስ ሊበንበርግ የጀመረው ሲሆን ሳይበር ትራከር በሚል ስም ይታወቃል። አሠራሩ ቀላል ነው፤ መዛኙ ሜዳ ላይ ምልክቶችን በክብ እያጠረ «ይህ የማን ነው? ምን እያደረገ ነበር?» ብሎ ይጠይቃል፤ ከባዱ ጥያቄ ብዙ ነጥብ ይይዛል። ከመልሱ በኋላ ሁሉም ተሰብስበው ለምን እንደሆነ ይወያያሉ። ይህን እዚህም ማድረግ ትችላለህ። ሁለት ሦስት ጓደኛ ሰብስብ፤ አንዳችሁ ምልክት ምረጡ፤ ሁላችሁም ከመነጋገራችሁ በፊት መልሳችሁን በወረቀት ጻፉ። ሳይጽፉ የሚነጋገሩ ሰዎች አንዱ በድፍረት የተናገረውን ይከተላሉ። በዚህ ሙያ ትልቁ ጠላት ያ ድፍረት ነው፤ «አላውቅም» ብሎ መጻፍ ሙሉ መልስ ነው።

መሃል ከተማ ያለህ ዕድል ትንሽ አይደለም። አራት ኪሎ በሳይንስ ፋኩልቲ ግቢ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ቤትህ ደጃፍ ነው፤ ገብተህ የእንስሳቱን ፊት ተውና እግራቸውን ሳል፣ ጥርሳቸውን እይ። አንድነት ፓርክም ሩቅ አይደለም፤ በሕይወት ያለ እንስሳ ሲራመድ የኋላ እግሩ ከፊተኛው ኮቴ ላይ እንዴት እንደሚያርፍ ቁጭ ብለህ ተመልከት። በቀበናና በግንፍሌ ወንዞች ዳር ያለው ጭቃ የውሻ፣ የድመት፣ የአይጥና የወፍ ዱካ ይይዛል። እዚያ ግን በባዶ እጅ ጭቃውን አትንካ፤ ወንዞቹ የቤትና የፋብሪካ ፍሳሽ የሚሸከሙ ናቸው። ስትመለስም ጫማህን ከደጅ አውልቅ።

ቀጥሎ የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል አለ። 705 ሄክታር ላይ ያረፈ፣ በታክሲና በእግር የሚደረስ፣ የአገር ውስጥ ዛፎች ተመልሰው የሚበቅሉበት ቦታ ነው። እንጦጦን ባሕር ዛፍ ብቻ አድርጎ ያየ ሰው ጥድ፣ ወይራና ኮሶ ምን ዓይነት መሬት እንደሚፈጥሩ እዚያ ይረዳል። ከዚያ በኋላ መናገሻ ሱባ። በሰበታ በኩል ከከተማው ወጣ ብሎ በወጨጫ ተራራ ጎን ያለ ነው፤ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ከሰሜን ሸዋው የወፍ ዋሻ ደን በመጣ የጥድ ዘር እንደተተከለ ይነገራል። የምኒልክ ድኩላ፣ ጉሬዛ፣ ሚዳቋ፣ ከርከሮ፣ ነብርም አለበት። በሩ ላይ ፈቃድ ጠይቅ፣ የአካባቢውን ስካውት ወይም አስጎብኚ ይዘህ ግባ። ከመነሣትህ በፊት የመንገዱን ሰላም እዚያው ላሉ ሰዎች ደውለህ አረጋግጥ። ጥቂት ኦሮምኛ ተምረህ ሂድ፤ ጅብ ወራቤሳ፣ ነብር ቄራንሳ ነው። በዚያ ደን ውስጥ ያደገ እረኛ የሚነግርህን ማንም የውጭ አሠልጣኝ አይነግርህም፤ በቋንቋው የጠየቅከው እንደሆነ ደግሞ ከማብራራት አልፎ ያሳይሃል። እንጦጦ ላይ እንጨት የሚሸከሙትን እናቶችም አትለፋቸው፤ ትናንት ማታ ጅቡ በየት እንደወረደ ከእነሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ሰላምታ ስጥ፣ ሸክማቸውን ሲያሳርፉ ጠይቅ፣ ጊዜያቸውን አትሻማ።

በእነዚህ ጉዞዎች የምትይዘው ጥቂት ነው። ከቤት የተሞላ ውኃ፤ የምንጭ ውኃ መጠቀም ግድ ከሆነ ከ2,000 ሜትር በላይ ውኃ በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚፈላ ከፈላ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ። ማፍላት ጀርም ይገድላል፤ የፋብሪካ ኬሚካል አያስወግድም። የዝናብ ልብስ፣ የሱፍ ሹራብ፣ ፋሻ፣ የተሞላ ስልክ፣ ፊሽካ፣ አንድ ትንሽ ሰንጢ። የት እንደምትሄድና ስንት ሰዓት እንደምትመለስ ለአንድ ሰው ንገር። የሚበላ የዱር ፍሬ ከመሞከርህ በፊት የሚገድለውን እወቅ፤ አስተናግር በየቆሻሻው ዳር ይበቅላል፣ ዘሩ አእምሮ ያዛባል፣ ይገድላልም። የቅንጭብና የቁልቋል ወተት ዓይን ከነካ ሊያሳውር ይችላል። እንጉዳይ አትብላ፤ ቀጋ፣ አጋምና እንጆሪን የሚያውቅ ሰው በእጁ ለይቶ እስኪያሳይህ ድረስ እነሱንም ቢሆን ተዋቸው።

ከሁሉ በላይ የምፈራልህ ውሻን ነው። ዱካ የሚያነብ ሰው ዓይኑ መሬት ላይ ነው፤ የሰፈርና የእረኛ ውሻ ደግሞ በዚያው መንገድ ነው የሚመጣብህ። ውሻም ይሁን ቀበሮ ወይም ጅብ ከነከሰህ ወይም ከቧጨረህ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ እጠብ፤ በዚያኑ ቀን ጤና ተቋም ሂድና የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ጠይቅ። ቁስሉ ትንሽ ነው፣ ነገ አየዋለሁ አትበል። የበሽታው ምልክት አንዴ ከታየ መድኃኒት የለውም።

እንግዲህ ውሳኔዬ ይህ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ከከተማ አትውጣ፤ ኮንክሪቱ፣ የወንዝ ዳሩ፣ ሙዚየሙ ይበቁሃል። ውሻን ከድመት፣ ፍየልን ከበግ ሳታመነታ ስትለይ ወደ ጉለሌ ውጣ። እዚያ በየሁለት ሳምንቱ ተመሳሳይ መንገድ ሂድ፤ አዲስ ነገር የሚታየው አሮጌውን ለሚያውቅ ነው። ከዚያ በቀን ብቻ፣ ከስካውት ጋር መናገሻ ሱባ። ያጠራቀምከውን ገንዘብ ለስካውቱ የቀን ክፍያ፣ ለመጓጓዣና ለአንድ ደህና የሩቅ ማያ መነጽር አውለው። ዓመት ሲሞላህ አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ሂድ፤ አሸዋማው አፈር የሳላን ኮቴ እንደታተመ ያቆይልሃል። ደጅ የማደሩን ነገር ያኔ አንሣው፤ የተፈቀደ የካምፕ ቦታ ባለበት፣ ስካውት አብሮህ እያለ። ድንኳኑን ሙሉ በሙሉ ዝጋ፣ ምግብም ሆነ ሥጋ የነካ ዕቃ ወደ ውስጥ አታስገባ፣ ሌሊት ለሽንት ስትወጣ መጀመሪያ ዙሪያውን በባትሪ ቃኝ።